መጀመሪያ ሰውነት ይረፍ

(ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር በሚገኝ አንድ አዳራሽ ለመምህራንና ለመንግሥት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

እንደምን ዋላችሁ። ከምሳ በኋላ፣ በዚህ በሚያዝያ ሙቀት፣ ንግግር ለማዳመጥ መምጣት ራሱ ትዕግሥት ይጠይቃል። መስኮቶቹን ክፈቷቸው እባካችሁ። በግራ በኩል የተቀመጣችሁ ሐይቁ ይታያችኋል። እኔ ከሰለቸኋችሁ ወደዚያ ተመልከቱ፤ አልቀየምም።

ሥራዬ የአእምሮ ጤና ነርስነት ነው። ወደ እኛ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ጨንቆኛል» ብሎ አይጀምርም። «ልቤ ድው ድው ይልብኛል» ይላል። «ጨጓራዬ አስቸገረኝ» ይላል። «ማጅራቴ ላይ አንድ ነገር ተጭኖብኛል፣ ራሴን ያዞረኛል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ይላል። ብዙዎቹ ቀደም ብለው ሌላ ቦታ ተመርምረዋል። የጨጓራ መድኃኒት ወስደዋል። ቀስ ብለን ወሬ ስንጀምር ነው ነገሩ የሚወጣው። የቤት ኪራይ ጨምሯል። ደመወዝ ወር ሳይሞላ አልቋል። ገጠር ያሉ እናት ስልካቸው አልሠራ ብሏል። ልጅ ፈተና ደርሶበታል።

እነዚህ ሰዎች የተናገሩት ትክክል ነው። ጭንቀት እውነትም ማጅራት ላይ አለ፤ ሆድ ውስጥ አለ፤ ደረት ላይ አለ። እኔ ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁትም ይህንኑ ነው። ከሐሳብ ጋር ግብግብ ከመግጠም ሰውነትን አስቀድሞ ማሳረፍ ይቀላል። ሐሳቡ ከዚያ በኋላ ይከተላል።

እኛ ግን የተገላቢጦሽ ነው የምናደርገው። ሰው ሲጨነቅ «አይዞህ፣ አታስብ» እንለዋለን። ለመሆኑ «አታስብ» ተብሎ ማሰብ ያቆመ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ትንሽ ስለ ሰውነት አሠራር ላውራ። ዋልተር ካነን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ነበር። ራጅ ገና አዲስ በነበረበት ዘመን፣ የእንስሳት ጨጓራ ምግብ እንዴት እንደሚፈጭ በራጅ ያይ ነበር። እንስሳው ሲፈራ ወይም ሲቆጣ የጨጓራው እንቅስቃሴ ቀጥ ይላል። ሲረጋጋ መልሶ ይጀምራል። ካነን ይህንን ተከትሎ ሄዶ፣ ሰውነት አደጋ ሲሸተው ለመታገል ወይም ለመሸሽ እንደሚሰናዳ አሳየ። ሲጨንቃችሁ እንጀራው አልዋጥ የሚላችሁ ለዚህ ነው። ሰውነት «አሁን የመብላት ጊዜ አይደለም» ብሎ ወስኗል።

ከኩላሊቶቻችን አናት ላይ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። አድሬናሊን የሚረጩት እነሱ ናቸው። ልብ ይፈጥናል። ትንፋሽ ያጥራል። ጡንቻ ይወጠራል። ቀጥሎ ኮርቲሶል ይመጣና ለሩጫው የሚሆን ስኳር ወደ ደም እንዲለቀቅ ያደርጋል። ጅብ ሲመጣ ይህ ሁሉ ሕይወት ያድናል። ችግሩ ሰውነታችን ጅብንና አከራይን እኩል ማየቱ ነው። አከራዩ «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ጨምሬያለሁ» ብሎ ሲደውል ያው አድሬናሊን ይረጫል። ከአከራይ ግን አይሮጥም፤ ቡጢም አይቃጣም። ቁጭ ብላችሁ «እሺ ጋሼ» ትላላችሁ። ለሩጫ የተሰናዳው ሰውነት ሳይሮጥ ያመሻል። በማግስቱ ሌላ ስልክ ይደወላል።

የግቢ ውሻን አስቡ። ሌባ ሲመጣም ይጮኻል፤ ድመት ስታልፍም ይጮኻል። ወጥታችሁ «ድመት ናት እኮ» ብላችሁ ብታስረዱት አይሰማችሁም። አጠገቡ ትሄዳላችሁ፣ ጀርባውን ትዳብሱታላችሁ፣ ዝም ይላል። ከሰውነታችን ጋር መነጋገርም በዚህ መንገድ ነው።

መዳበሻው የትኛው ነው ካላችሁ፣ ዋጋ የማይጠይቀው ትንፋሽ ነው። ልብን «ፍጠን» ብሎ ማዘዝ አይቻልም። ጨጓራን «ፍጭ» ማለት አይቻልም። ትንፋሽ ግን በራሱም ይሄዳል፣ ስናዘውም ይታዘዛል። አየር ስንስብ ልብ በትንሹ ይፈጥናል፤ ስናወጣ ይዘገያል። ከአንጎል ተነስቶ በአንገት በኩል ወደ ልብና ወደ ሆድ የሚወርድ ቬገስ የሚባል ረጅም ነርቭ አለ። ልብን «ቀስ በል» የሚለው እሱ ነው። አየር በምናወጣበት ጊዜ ሥራው ይጎላል። ስለዚህ ማውጫውን ማስረዘም ነው ጥበቡ።

እስቲ አብረን እንሞክረው። ስልኩን አስቀምጡ። ትከሻችሁ ወደ ጆሮ ወጥቶ ከሆነ አውርዱት። የብዙዎቻችሁ ወጥቷል፤ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። አሁን በአፍንጫ አየር ሳቡ። ሞላ ስትሉ ትንሽ ጨምሩበት። ከዚያ በአፍ ቀስ አድርጋችሁ አውጡት፤ ከሳባችሁበት እጥፍ ጊዜ ይውሰድ። እንደገና። አትቸኩሉ። አንድ ጊዜ እንደገና።

(እዚህ ላይ አዳራሹ ለጥቂት ደቂቃ ጸጥ አለ። ከውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማ ነበር።)

ይኸው ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ይህንኑ ዓይነት አተነፋፈስ በቀን 5 ደቂቃ ለአንድ ወር ያደረጉ ሰዎችን ተከታትሏል። ስሜታቸው ተሻሽሏል፤ ትንፋሻቸውም በዕረፍት ሰዓት ዝግ ብሏል። ከባድ ሸክም ያወረደ ሰው «እፎይ» የሚለው ማንም አስተምሮት አይደለም። ሰውነት መንገዱን ቀድሞ ያውቀዋል።

በ2001 እ.ኤ.አ. ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ ያወጡት ሌላ ጥናት አለ። ካቶሊኮች በመቁጠሪያ የሚደግሙትን የላቲን ጸሎት የሚያደርሱ ሰዎች ትንፋሻቸው በደቂቃ ወደ 6 ዝቅ ብሎ ተገኘ። ብዙውን ጊዜ ከዚያ እጥፍ በላይ ነው የምንተነፍሰው። ይህን ሳነብ ወደ አእምሮዬ የመጣው የእኛው ቤት ነው። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41 ጊዜ ሲደገም አስቡት። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ከሶላት በኋላ 33 ጊዜ እየቆጠሩ የሚያደርሱትን ዚክርም አስቡት። ጸሎት የሚጸለየው ለትንፋሽ ተብሎ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ አባቶች እንዳይቆጡኝ። የምለው ይህን ነው፤ የምትጸልዩ ከሆነ አትሩጡበት። እየተጣደፉ 41 ከማድረስ፣ ቃሉን ከትንፋሽ ጋር አስማምቶ ማድረስ ለሰውነትም ይበጃል።

ወደ እግራችን እንምጣ። ሰውነት ለሩጫ ከተሰናዳ፣ እንዲሄድ ማድረግ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ማለት ነው። ጂም አያስፈልግም። ከተማችን ደግሞ ለዚህ የተሠራች ነው የምትመስለው። ሜዳ ናት። መንገዶቿ ሰፋፊ ናቸው፤ ዘንባባው ጥላ ይሰጣል። አዲስ አበባ ላይ 30 ደቂቃ መሄድ ዳገት መውጣት ነው። እዚህ ዳገት ያማረው ሰው ቤዛዊት ይውጣ፤ ዓባይን ከላይ አይቶ ይመለስ።

ሰዓቱን ግን ምረጡ። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ያለው ጊዜ ከሁሉም ይሻላል። አየሩ አልሞቀም። የጠዋት ብርሃን ዓይን ውስጥ ሲገባ የሰውነትን ሰዓት ያስተካክላል፤ ማታ እንቅልፍ በጊዜው እንዲመጣ ያግዛል። ማታ መውጣት የማይመችባቸው ወቅቶች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። በዚያን ጊዜ ግቢ ውስጥም መመላለስ ይቻላል። ጎረቤት ምን ይለኛል አትበሉ፤ ጎረቤቱም ጨንቆታል።

ሐይቁ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ይህ የእኛ ሀብት ነውና። በ1984 እ.ኤ.አ. ሮጀር አልሪች የሚባል ተመራማሪ ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ አንድ አጭር ጥናት አወጣ። በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሰዎች መዝገብ አገላብጦ ነበር። የአንዳንዶቹ መስኮት ዛፍ ያሳያል። የሌሎቹ የጡብ ግድግዳ ያሳያል። ዛፍ የሚያዩት ቶሎ ወጡ፤ ጠንከር ያለ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። ልዩነቱ መስኮት ብቻ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ እንግሊዝ አገር 20,000 የሚጠጉ ሰዎች የተካተቱበት ጥናት ወጣ። በሳምንት 2 ሰዓትና ከዚያ በላይ በመናፈሻ፣ በጫካ ወይም በውኃ ዳር የሚያሳልፉ ሰዎች ጤናቸውንም ኑሯቸውንም በተመለከተ የተሻለ ነገር ተናገሩ። በአንድ ቀን ይሁን ተከፋፍሎ፣ ለውጥ አላመጣም።

ጃፓኖች ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰውን ጫካ ውስጥ ዝም ብሎ እንዲዘዋወር በመንግሥት ደረጃ ያበረታታሉ። ስም አውጥተውለታል፤ መንገድ ከልለውለታል። እኛ ዘጌ አለን። በቆየ ሃይማኖታዊ ልማድ እርሻ የማይታረስበት፣ ቡናው ከዛፍ ሥር የሚያድግበት ጫካ በጀልባ ይደረሳል። ነገር ግን ከናንተ መካከል ዘጌን ያያችሁት እንግዳ ከአዲስ አበባ ሲመጣባችሁ ብቻ እንደሆነ እገምታለሁ። እጅ አላስወጣም።

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ውኃ ነው። ከዚህ ከባሕር ዳር ሆኖ የሰሜኑ ዳር አይታይም። ታንኳው ሲሄድ፣ ይብራው ሲንሳፈፍ ዓይን የሚያርፍበት አያጣም። በዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ልናገረው። የሐይቅ ዳር ሰዎች ሆነን ሐይቁን ለማየት ማኪያቶ መግዛት ሊኖርብን አይገባም። ዳርቻው ለእግረኛ በተከፈተ ቁጥር ብዙ መድኃኒት ይቆጥባል። የከተማችንን ነገር የምትወስኑ እዚህ ካላችሁ ይሰማችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሐይቁን እዩት እንጂ ዳር ዳሩን እግራችሁን አትንከሩ። ቢልሃርዚያ አለ። ትሉ በረጋ ውኃ ዳር ከሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ይወጣና በቆዳ በኩል ይገባል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ አለ። ሰው ሊረጋጋ ሄዶ ጉማሬ ቢገጥመው ያ ሌላ ንግግር ይፈልጋል። ቀዝቃዛ ውኃ ካማራችሁ ከቧንቧ ቀድታችሁ ፊታችሁን ታጠቡ። ቀዝቃዛ ውኃ ፊት ሲነካ፣ በተለይ ትንፋሽ ተይዞ ከሆነ፣ የልብ ምት ዝግ ይላል። ንዴት ላይ ላለ ሰው ይሠራል።

አሁን ወደሚያጣላን ነገር። ቡና።

ቡና ያረጋጋል ወይስ ያስጨንቃል? ሁለቱንም። ሥርዓቱ ያረጋጋል፤ ካፌይኑ ያነቃቃል። ሥርዓቱን ተመልከቱ። ቄጠማ ይጎዘጎዛል። ቡናው ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ጭሱ ይዞራል፣ ይወቀጣል፣ ጀበናው ይጣዳል። ማንም ማፍጠን አይችልም። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሰው አጠገብ ተቀምጣችኋል። ጎረቤት ገብታለች። ወሬ ይወራል፤ ሳቅ አለ፤ ሐሜትም አለ። በአቦልና በቶና መካከል የሚወጣው ጉድ ለእኔ ቢሮ መጥቶ አያውቅም። ይህን የሚተካ መድኃኒት አላየሁም።

ካፌይኑ ሌላ ነገር ነው። አንጎል ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ቀን ሙሉ ይጠራቀማል። ማታ «ተኛ ተኛ» የሚለን እሱ ነው። ካፌይን መቀመጫውን ይቀማዋል። ድካሙ አልጠፋም፤ አልተሰማንም እንጂ። የጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። እርጉዝ ሴት ላይ ከዚያም ይረዝማል። አስሉት። 11 ሰዓት ላይ የተጠጣ ቡና፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ ደም ውስጥ አለ። አልጋ ላይ ተገላብጣችሁ «ምን ነካኝ» ትላላችሁ። የነካችሁ በረካው ነው።

ስለዚህ ቡናውን አትተዉ። ሰዓቱን ቀደም አድርጉት። ጠዋትና ቀትር ላይ ይሁን። የማታው ጀበና የግድ ከሆነ ስስ ይሁን፣ ወይም ጠጅ ሳር ፈልቶ ይቅረብ፤ ተሰብስቦ መቀመጡ ነው ዋናው። በጾም ደግሞ እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆድ ቆይቶ መጀመሪያ ቡና የሚጠጣ ሰው አለ። ባዶ ሆድ ላይ ካፌይን ፈጥኖ ይገባል። እጅ ሲንቀጠቀጥ፣ ልብ ሲመታ «ጭንቀቴ ተነሳብኝ» ይላል። መጀመሪያ እህል ቅመሱ። ጤና አዳም በቡና የምትወዱ፣ አንዳች ቅጠል ጣል ማድረግ ልማድ ነው፤ እርጉዝ ከሆናችሁ ግን ይቅርባችሁ።

ጫቱን በአጭሩ ልለፈው፤ ምክር ሰልችቷችኋልና። ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል አነቃቂ አለ። ቅጠሉ ሲደርቅ ኃይሉን ያጣል፤ ለዚህ ነው በእርጥቡ ተጠቅልሎ የሚሸጠው። ምርቃናው ላይ ችግር ሁሉ የተፈታ ይመስላል። ከዚያ ዱካኩ ይመጣል። እንቅልፍ የለም። እንቅልፉን ለማምጣት ጨብሲ ይገባል። አልኮል ደግሞ ቶሎ ያስተኛና ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ ያለውን እንቅልፍ ይሰባብረዋል። በነጋታው የደከመ ሰውነት ለትንሽ ነገር ይደነግጣል። ጭንቀቱን ለማስታገስ የተጀመረው ነገር ጭንቀቱን ሲቀልብ ያድራል።

ስለ እንቅልፍ ካነሳን፣ ለአዋቂ ሰው ከ7 ሰዓት በታች እንዳይሆን ይመከራል። ይህን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ብዙ ያልተሰማው የእግር ነገር ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ ባዝል ያሉ ተመራማሪዎች እግራቸው የሞቀ ሰዎች ቶሎ እንደሚያንቀላፉ ኔቸር በተባለው መጽሔት ጻፉ። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ለመተኛት የሰውነት ውስጣዊ ሙቀት መውረድ አለበት። እግር ሲሞቅ የእግር ደም ሥሮች ይከፈታሉ፤ ሙቀቱ በዚያ በኩል ይወጣል። ጎጃም ገጠር ያደጋችሁ ሰዎች ማታ በሞቀ ውኃ እግር መታጠብን ታውቁታላችሁ። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚደረግለት ይኸው ነበር። ቧንቧ ቤት ሲገባ ገሸሽ አደረግነው። አንድ ማንቆርቆሪያ የሞቀ ውኃና አንድ ሳፋ ይበቃል። ከመኝታ በፊት ሞክሩት።

የነገ ሥራ እየተመላለሰ የሚያስቸግራችሁ ደግሞ ወረቀት አምጡ። ስልክ አላልኩም። በአሜሪካ ቤይለር ዩኒቨርሲቲ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አለ። ከመኝታ በፊት 5 ደቂቃ ወስደው የሚጠብቃቸውን ሥራ የጻፉ ሰዎች፣ የጨረሱትን ሥራ ከጻፉት ቀድመው አንቀላፉ። ዘርዝረው የጻፉት ደግሞ ይበልጥ። «ለልጁ ጫማ» ብሎ ከመተው «ቅዳሜ ገበያ፣ 38 ቁጥር ጫማ» ብሎ መጻፍ ይሻላል። ወረቀቱ ይዞላችሁ ያድራል።

ስልኩን ለምን እንዳልወደድኩት ታውቃላችሁ። ማታ 5 ሰዓት ላይ ቴሌግራም ከፍቶ የጦርነት ወሬ ማንበብ፣ ከዚያ ቲክቶክ ላይ የሚጮህ ሰው ማየት፣ ከዚያ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ማለት። ወሬው የእውነት የሚያስጨንቅ ነው፤ ዘመዶቻችን ያሉበት ነው። አትስሙ አልልም። በቀን፣ ሰዓት ወስናችሁ፣ ከምታምኑት ቦታ ስሙ። ሌሊት የምታነቡት ወሬ ላይ ሌሊት የምታደርጉት ነገር የለም።

«ሆድ ይፍጀው» የሚለው ነገራችንን ሳላነሳ ብወርድ ቅር ይለኛል። እዚህ አገር ገበናን መያዝ ክብር ነው። ክብሩን እረዳለሁ። ግን ሆድ ብቻውን አይፈጀውም፤ ሆዱን ራሱን ይፈጀዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉት እነዚያው አባቶች ናቸው። ለሁሉም ሰው ይነገር አላልኩም። አንድ ሰው በቂ ነው። ማኅበሩ፣ ሰንበቴው፣ ዕድሩ ገንዘብ መሰብሰቢያ ብቻ ሲሆኑ ያሳዝነኛል። ወር በወር የምታገኙትን ሰው «ደህና ነህ?» ብላችሁ፣ «ደህና» ሲላችሁ «እውነትህን ነው?» በሉት። ሁለተኛዋ ጥያቄ ናት ሥራ የምትሠራው።

አሁን ደግሞ ምክሬ እስከ ምን ድረስ እንደሚሠራ ልናገር። የነገርኳችሁ ሁሉ ለዕለት ተዕለት ጭንቀት ነው። ትንፋሽ የቤት ኪራይ አይቀንስም። እግር መታጠብ ጦርነት አያቆምም። ሰውነት ሲረጋጋ ግን ሰው የሚችለውንና የማይችለውን ይለያል፤ የሚችለውን ለመጀመር አቅም ያገኛል።

ልብ የሚመታው ሁሉ ጭንቀት እንዳይደለም እወቁ። እንቅርት ያለበት፣ ክብደቱ ያለ ምክንያት የሚቀንስ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ታይሮይድ ሊሆን ይችላልና ይመርመር። የደም ማነስም ልብን ያስመታል። ለሁለት ሳምንት ያህል ቀን በቀን ድባቴ የተጫነው፣ የሚወደው ነገር ሁሉ ያስጠላው፣ ሥራ መሥራት ያቃተው፣ ይልቁንም መሞትን ማሰብ የጀመረ ሰው ግን በሐይቅ ዳር ሽርሽር አይታለል። በዚያው ቀን ሰው ይዞ ወደ ሕክምና ይሂድ። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ። ጸበል የምትሄዱ ሂዱ። መድኃኒት የተጀመረላችሁ ከሆነ ግን ጸበል ገባሁ ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ። ብዙ ሰው የሚመለስብን ከዚያ ነው።

ከጥያቄዎቹ ጥቂቶቹ

አንዲት መምህርት፦ «ይህ ሁሉ ደስ ይላል። እኔ ግን ከሥራ ስገባ እራት አለ፣ ልብስ አለ፣ የልጆች የቤት ሥራ አለ። 30 ደቂቃ ከየት ይመጣል?»

እኅቴ፣ እውነትዎን ነው። ይህንን ንግግር የሚሰሙ ወንዶች ይበልጥ ማዳመጥ የነበረባቸው እዚህ ላይ ነው። ሚስቱ በቀን ግማሽ ሰዓት እንድታገኝ የሚፈልግ ባል ሳህን ይጠብ፤ ከእኔ ምክር የተሻለ ይሠራል። እስከዚያው ግን ጊዜ አይፈልጉ፤ ያለውን ይጠቀሙ። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ከባጃጁ አንድ ፌርማታ ቀድመው ይውረዱና በእግር ይግቡ። ሽሮው እስኪንተከተክ ምድጃው አጠገብ ቆመው ያችን ረጅም ትንፋሽ ይተንፍሱ።

አንድ ሸምገል ያሉ አባት፦ «እኔ አንድ ቀን ቡና ካልጠጣሁ ራሴን ለሁለት ይከፍለኛል። ይህ ሱስ ነው ወይስ ደም ግፊት?»

ጋሼ፣ ግፊትዎን ይለኩ፤ በዕድሜዎ መለካት አለበት። የሚሉት ራስ ምታት ግን የቡና ይመስላል። ካፌይን የለመደ ሰው ሲያቋርጥ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ራሱን መታመም ይጀምረዋል፤ ለቀናት ሊቆይም ይችላል። አደገኛ አይደለም፤ ግን ያሰቃያል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ አይቁረጡ። በረካውን ይተዉ፤ ሲለምዱት ቶናውን ያሳንሱ። አቦሉን ማንም አይወስድብዎትም።

መጨረሻ ላይ አንዲት እናት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦ «ባለቤቴ ምንም አይናገርም። ምን ሆንክ ስለው ምንም ይላል። ሌሊት ግን ቁጭ ብሎ ያድራል።»

እንደሱ ያለ ሰው በጣም ብዙ ነው፤ እርስዎ ብቻ አይደሉም። ፊት ለፊት ተቀምጠው «ምን ሆንክ» አይበሉት፤ ምርመራ ይመስለዋል። ጎን ለጎን ሲሆን ሰው ይቀለዋል፤ ዓይን ለዓይን አይተያይማ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ በሐይቁ ዳር በእግር እንመለስ ይበሉት። የመጀመሪያው ቀን ምንም ላይናገር ይችላል፤ አይጠይቁት። ስለ ሌላ ነገር ያውሩ፤ ስለ ቆሮሶ ዓሣ ዋጋ መወደድም ቢሆን። እሱ ላይ ሐሳብ የሌለው ባሕር ዳሬ አላየሁም። ሌሊት ቁጭ ማለቱ ካልቀነሰ ግን እኛ ጋ ይዘውት ይምጡ። «እንቅልፍህን እንዲያዩልህ» ይበሉት፤ በዚያ ስም ከሆነ ይመጣል።